ከዳንግላው ቆንስል እስከ «ራ» ጉዞ፤ ስለ ጣና ታንኳ አያያዝ የተጻፈው ሲመረመር

ስለ ጣና ሐይቅ ታንኳ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ወደ ሐይቁ የመጣ መንገደኛ ሁሉ፣ ከደንገል የታሰረችውን ጀልባ ሳያነሣ አላለፈም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እነዚህን ጽሑፎች አሰባስቦ የሚያነብ ሰው አንድ ጉድለት ያገኝባቸዋል። ይኸውም ታንኳ እንዴት እንደምትሠራ በሰፊው ሲነግሩን፣ ከተሠራች በኋላ እንዴት እንደምትጠበቅ፣ እንዴት እንደምትጠገንና መቼ እንደምትጣል ግን የሚገባውን ስፍራ አልሰጡትም። አንዳንዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎት ይሄዳል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አያነሣውም።

ይህ ጉድለት ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ትልቅ ነው እንላለን። ታንኳን ታንኳ የሚያደርጋት የአንድ ቀን መታሰሯ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሚደረግላት ጥንቃቄ ነው። ይህን ያላየ ጸሐፊ የሙያውን እኩሌታ አላየም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት የታወቁ ጸሐፊዎችን መርምረን፣ ያዩትንም ያላዩትንም ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን። በአዊ ምድር ያሉት ዘንገናና ጥርባ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ትንንሽ ሐይቆች ናቸው፤ የታንኳን ሙያ ለመመርመር ወደ ጣና መውጣት ግድ ነው። ነገር ግን ከምንመረምራቸው ጸሐፊዎች የመጀመሪያው መኖሪያቸው ዳንግላ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ለአዊ አንባቢ ሩቅ አይሆንም።

ሀ. የደንገል ባሕርይ

ጸሐፊዎቹን ከመተቸታችን በፊት የነገሩን ባሕርይ ማስረዳት ይገባናል። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን ቁመቱ እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል። ውጭው ጠንካራ አረንጓዴ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ ሆኖ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። ታንኳ የምትንሳፈፈው በዚህ አየር ነው። እንደ እንጨት ጀልባ ውኃን ከውጭ አግዳ ሆዷን ባዶ በማድረግ አትንሳፈፍም፤ ገላዋ ራሱ ተንሳፋፊ ነው። ስለዚህ በታንኳ ላይ «ቀዳዳ» የሚባል ነገር የለም፤ ጠላቷ ቀዳዳ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚገባ ርጥበት ነው።

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ደረቅ ክብደቷ 80 ኪሎ የሆነች ታንኳ ሳትሰጥም 380 ኪሎ ውኃ የምታፈናቅል ብትሆን፣ 300 ኪሎ ሰውና ዕቃ ትሸከማለች። ገላዋ 100 ኪሎ ውኃ ቢጠጣ ግን የምትሸከመው 200 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ልዩነት የገበያ ትርፉ ነው፤ ማዕበል በተነሣ ጊዜም ሕይወቱ ነው።

መድኃኒቱ ማድረቅ ነው። ባለታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ፣ ዳር ላይ ዘንበል አድርጎ ወይም አቁሞ ውኃውን ያንጠፈጥፋል፤ በፀሐይና በነፋስም ያደርቀዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ደንገል ሲደርቅ ይቀላል፤ ቢሆንም በቀላሉ ይሰበራል። ሲረጥብ ይከብዳል፤ ነገር ግን ይለዝባል፣ ይጠነክራልም። ስለዚህ በጣም የደረቀችን ታንኳ ሲጎትቱና ሲጭኑ ቅርፊቷ ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀው በኩል ደግሞ ውኃው ፈጥኖ ይገባል። ጥሩ ጠባቂ የሚባለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያውቅ ነው።

ከዚህ ሌላ የማሰሪያው ጉዳይ አለ። የታንኳ ገላ ያለ ማሰሪያው የአገዳ ክምር ብቻ ነው። ማሰሪያው በፀሐይና በውኃ መለዋወጥ ይላላል፤ በድንጋይ ላይ ሲጎተት ይፈገፈጋል። አንዱ እስር ሲላላ አገዳዎቹ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ፤ ቅርፊታቸውም ይላጣል። እንዲህ ሁሉ ተጠብቃም ቢሆን የአንዲት ታንኳ ዕድሜ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ያረጀው ተጥሎ አዲስ ይታሰራል።

ለ. የመንገደኛው ዓይን

ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው መቀመጫቸውን በዳንግላ አድርገው ነበር። ከዚያም እየተነሡ የዓባይን ሸለቆ ተከትለዋል፤ ጣናንም ዞረው ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎብኝተዋል። ይህንኑ የሚተርከው «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ላይ ታትሟል።

የመጽሐፉን ዋጋ አንክድም። ቺዝማን ትዕግሥተኛ ተመልካች ነበሩ፤ ስለ ደሴቶቹና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የሰጡት መረጃ ዛሬም የሚጠቅም ነው። በታንኳ እየተሳፈሩ የተጓዙ ስለ ሆኑም ታንኳን ከሩቅ ካዩት ጸሐፊዎች ይሻላሉ። ነገር ግን ተሳፋሪ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ባለታንኳ የሚያየው ሌላ። ተሳፋሪው ጠዋት ዳር ላይ ሲደርስ ታንኳው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ማታ ሲወርድም ወደ ድንኳኑ ይገባል። ታንኳው የሚወጣው፣ የሚንጠፈጠፈውና ማሰሪያው የሚታየው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እንግዲህ የጉዞ መጽሐፍ ይህን ሥራ ቢያሳንሰው የጸሐፊው ስንፍና ሳይሆን የአጻጻፉ ዐይነት ያመጣው ነው።

ጥፋቱ የኋለኞቹ ነው እንላለን። ከቺዝማን በኋላ የመጡ ብዙዎች የመንገደኛን አስተያየት እንደ ሙያ ጥናት ቆጥረው፣ ያንኑ እየደጋገሙ ጽፈዋል። በዛሬዎቹ የቱሪስት ጽሑፎችም ታንኳ «ዘመን ያልነካት የፈርዖን ጀልባ» እየተባለች ትጠራለች። ከሥዕሉ ጋር መመሳሰሏ እውነት ነው። ነገር ግን በየጥቂት ወሩ እንደ ገና የምትሠራን ጀልባ ዘመን አልነካትም ማለት ምን ማለት ነው? ሳትለወጥ የቆየችው ጀልባዋ አይደለችም፤ የቆየው የሠሪዎቹ ዕውቀት ነው። ይህ አነጋገር ምስጋናውን ለሩቅ ፈርዖን ሰጥቶ የሠሪውን ስም ያስቀራል።

ሠሪዎቹ እነማን ናቸው? በታንኳ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ስለ እነርሱ ጽፏል። በጉማሬ አደናቸው ምክንያት በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲናቁ ኖረዋል፤ የራሳቸው የነበረውም ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቋንቋቸው ሳይጻፍ እንደ ጠፋ፣ የሙያ ዕውቀታቸውም ሳይጻፍ ሊጠፋ ይችላል። የምንተቸው ጉድለት ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ. የ«ራ» ፈተና

ሁለተኛው ጸሐፊ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ናቸው። ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይቻላል ብለው ተነሡ። ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችውን የመጀመሪያዋን ጀልባ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አሰሯት። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ኋላዋ ሰጥሞ ማሰሪያዎቿም ተፈግፍገው ስለ ላሉ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2» ከዚያው ከጣና በመጣ ደንገል፣ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሰዎች እጅ ታስራ፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

በእነዚህ ጉዞዎች ስለ ደንገል የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ደንገል በባሕር ላይ በሁለት ሳምንት በስብሶ ይሰጥማል ያሉት ሊቃውንት ተሳስተዋል። ሄየርዳል ርጥብ ደንገል ከደረቁ ይልቅ ጽኑ መሆኑን በግልጽ አስተውለዋል። የመጀመሪያዋ ጀልባ የጠፋችውም አገዳው ስለ በሰበሰ ሳይሆን ማሰሪያው ስለ ከዳ ነው። ይህም ከላይ የተናገርነውን ያጸናል፤ የደንገል ጀልባ ገላ ማለት ማሰሪያው ነው።

ነገር ግን ሁለት ነቀፋ አለን። አንደኛ፣ ሳያወጡና ሳያደርቁ በአንድ ጉዞ የሚሄዱበት ጀልባ የመጽናት ፈተና እንጂ የአያያዝ ፈተና አይደለም። ጥያቄው «ሳትጠበቅ ስንት ቀን ትቆያለች?» የሚል ነበር። የጣና ሰው ጥያቄ ግን «ስትጠበቅ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች?» የሚል ነው። የአንዱ መልስ የሌላው መልስ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ደንገሉ የጣና ሲሆን እጁ በመጀመሪያ የቻድ፣ በኋላም የቲቲካካ ሆነ። በርግጥ ሄየርዳል ለዚህ ምርጫ ምክንያት ነበራቸው፤ ለውቅያኖስ የሚበጀውን ወጥ አስተሳሰር ፈለጉ። ቢሆንም ያንን ደንገል ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት በአጠገቡ የሚኖሩት ናቸው። በየትኛው ወር ይቆረጣል? ስንት ቀን ይደርቃል? የትኛው አገዳ ለውጭ፣ የትኛው ለውስጥ ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከጣና ባለሙያዎች አፍ የተለቀመ ሙሉ መልስ ቢኖረን ኖሮ፣ ከጉዞው ዝና ይልቅ ለአገራችን ይጠቅም ነበር።

መ. ብረትና እንጨት

ታንኳ ሁልጊዜ ጥገና መፈለጓ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚል አስተያየት እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። ከጥገና ነፃ የሆነ የጀልባ ገላ የለም፤ የሚለየው ጠላቱ ነው። በጨው ባሕር ያለውን የእንጨት ጀልባ የሚበላ ትል በሐይቅ ውስጥ የለም። ነገር ግን የዝናብ ውኃ በጀልባው ሆድ ሲተኛና ነፋስ ሳያገኘው ሲቀር እንጨቱ ይሻግታል፤ መበስበሱም የሚጀምረው ውኃና አየር በሚገናኙበት መስመር ነው። ብረትም በሐይቅ ውኃ ውስጥ ከባሕር ይልቅ ቀስ ብሎ ቢሆንም ይዝጋል፤ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ሁሉ መፋቅና መቀባት አለበት። በባሕር ብረቱን ከዝገት ለማዳን የሚታሰረው ዚንክ፣ ጨው በሌለው ውኃ ደኅና ስለማይሠራ በማግኒዚየም መተካት ይኖርበታል። የባሕርን መጽሐፍ ለሐይቅ ማዋል ስሕተት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ የብረቱ ባለቤት ቀለምና ማግኒዚየም ከሩቅ ይገዛል፤ የታንኳው ባለቤት ግን መጠገኛውን ከሐይቁ ዳር ይቆርጣል። ይህ ማለት የብረትና የእንጨት ጀልባ ይቅር ማለት አይደለም። ብዙ ሰውና ከባድ ጭነት ለማሻገር ሞተር ያለው ጀልባ ያስፈልጋል። የምንለው፣ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ሙሉው ወጪና ሙሉው ድካም ይቆጠር ነው።

ሠ. ውኃው ሲጎድል

የታንኳ መጠገኛ ደንገሉ ከሆነ፣ የደንገሉን ስፍራ መጠበቅ የታንኳ አያያዝ አንድ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚወሰን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናብ ባነሰበትና ለመብራት ኃይል ብዙ ውኃ በተለቀቀበት ጊዜ ሐይቁ እጅግ ስለ ጎደለ መርከቦች ለ4 ወር ያህል ሥራ አቆሙ፤ ሰፊ የደንገል ስፍራም ጠፋ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣናን ውኃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው የ460 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫ በሥራ ላይ ነው። ውኃው የሚወርደው ወደ ጃዊ፣ ማለትም ወደ አዊ ዞን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህም እምቦጭ የሐይቁን ዳር ወርሯል።

መብራቱ የሚያስፈልግ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ለመርከቦች የታወቀ ዝቅተኛ የውኃ ልክ አለ፤ እሱም ከባሕር ወለል በላይ 1784.75 ሜትር ነው። ለደንገሉስ? መርከብ ውኃው ሲመለስ እንደ ገና ይንሳፈፋል፤ ደርቆ የታረሰ የደንገል ስፍራ ግን እንዲሁ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የሐይቁን ልክ የሚወስን ሁሉ ደንገሉንም መቁጠር አለበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መመዝገቡ ለዚህ ጥሩ ድጋፍ ይሆናል።

ረ. ምን ይደረግ

ነቀፋ ብቻውን ሥራ አይደለምና ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። መጀመሪያ፣ ከባለሙያዎቹ አንደበት የአያያዙ ቃላትና ደንቦች ተለቅመው ይጻፉ፤ የተናገሩትም በፈቃዳቸው በስማቸው ይጠቀስ። በእንጅባራ ቀርከሃ የሚሠራ ሰው ያልበሰለውን ከበሰለው ለይቶ እንደሚቆርጥ፣ የደንገልም ቆራጭ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል፣ ጠያቂው ከመቆረጫው ወር ጀምሮ እስከ መጣያው ቀን ድረስ በተራ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ጥቂት ታንኳዎች ከታሰሩበት ቀን እስከሚጣሉበት ቀን ድረስ ከጉዞ በፊትና ከማድረቅ በኋላ በሚዛን ይመዘኑ። ይህ ሥራ ሚዛንና ደብተር እንጂ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም፤ ለተማሪ የሚሆን ነው። ሦስተኛ፣ የተገኘው ውጤት የሐይቁን ውኃ ለሚያስተዳድሩ ክፍሎች ይቅረብ።

ቺዝማን ከዳንግላ ወጥተው ሐይቁን ዞሩ፤ ሄየርዳል ደንገሉን ወስደው ውቅያኖስ አሻገሩ። ሁለቱም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው መጥተው የየራሳቸውን መልስ ይዘው ሄዱ፤ በዚህ አይወቀሱም። ታንኳውን ማታ ከውኃ አውጥቶ የሚያደርቀውን ሰው መጠየቅ ግን ከእኛ የሚጠበቅ ነው። መንገዱም ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር ሰማንያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።