«ኖም ደ ጌር» ስለሚባለው ቃል ፍችና አገባብ

«ኖም ደ ጌር» የተባለው የፈረንሳይኛ ሐረግ ቃል በቃል ሲፈታ «የጦርነት ስም» ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ጽሑፍ የሚገባው ግን ማንነትን ለመሸሸግ የሚያዝ ስም ለማለት ነው። ይህ አገባብ ስሕተት ነው ባይባልም የቃሉን ታሪክ እኩሌታውን ያስቀራል።

በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ ንጉሥ ጦር ውስጥ የሚያገለግለው ተራ ወታደር፥ ከቤተ ሰቡ ስም ሌላ «ላ ፍለር» (አበባ) ወይም «ሳን ካርቲዬ» (ምሕረት የለሽ) የመሰለ ስም ይወጣለት ነበር። ይህ ስም የተሸሸገ አልነበረም። በ1716 (እ.ኤ.አ.) በተቋቋመው የወታደሮች መዝገብ ከትውልድ ስሙ፥ ከአገሩና ከመልኩ ጋራ ይጻፍ ነበርና፥ የከዳ ወታደር የሚፈለግበት ምልክት ሆነ። ከ1665 (እ.ኤ.አ.) ዠምሮ ከካሪኛን ሳሊዬር ጦር ጋራ ወደ ካናዳ ተሻግረው በዚያው ከቀሩትም መካከል ብዙዎቹ የጦር ስማቸውን ለልጆቻቸው አወረሱ። ለመደበቂያ ብቻ የተያዘ ስም ደግሞ ለልጅ አይወረስም።

መሸሸጊያነቱ ጐልቶ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ፊሊፕ ደ ኦትክሎክ «ለክሌር» የተባለው፥ በፈረንሳይ የቀሩትን ቤተ ሰቦቹን ከጀርመኖች በቀል ለማዳን ነበር። ዣን ብሩለርም በ1942 (እ.ኤ.አ.) «የባሕር ዝምታ» የተባለውን መጽሐፉን በስውር ሲያሳትም «ቬርኮር» በሚል ስም ወጣ፤ በዚህ ላይ የጦር ስምና የብዕር ስም አንድ ሆኑ። «ኖም ደ ፕሉም» የሚለው ሐረግ ግን፥ ቃሎቹ የፈረንሳይ ቢሆኑም፥ የተገጣጠመው በእንግሊዞች ዘንድ ነው፤ ፈረንሳዮች ለደራሲም ቢሆን «ኖም ደ ጌር» ይሉ ነበር።

እንግዲህ የኛን የፈረስ ስም በዚህ ቃል ለመተርጐም የሚሻ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ስሙ የሚሸሽገው ከማን ነው? የሚያስታውቀውስ ለማን ነው? ዐፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያለ ሰው ጌታውን አወደሰ እንጂ አልሸሸገም። ከጥንታዊው የፈረንሳይ ልማድ ጋራም ቢሆን ፍጹም አይገጥምም፤ የፈረንሳዩ ስም ተራውን ወታደር በመዝገብ ያስገባዋል፤ የኛው ግን በፈረሱ በኩል መጥቶ መኰንኑን በፉከራ ከፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ የለክሌርን «የሽፋን ስም»፥ ቮልቴር የተባለውን የአሩዌን «የብዕር ስም» ብንል ይስማማል። የፈረስ ስም ግን በራሱ መጠሪያ ይቈይ፤ በመሸሸጊያ ስም ከተተረጐመ፥ በአደባባይ ይታወጅ የነበረውን ክብር የስውር ሥራ አስመስሎ ለባዕድ አንባቢ ያቀርበዋልና።