ቆሎን ስለ ማብዛት

ቆሎን የሚያህል ተራ ነገር የንግድ ማኅበር ሊቆምለትና ሊያድግበት ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው በሀገራችን ጥቂት ነበረ፤ ምክንያቱም ቆሎ በየቤቱ የሚቆላ፣ ለእንግዳ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ የአብነት ተማሪ በአኩፋዳው ይዞት ከደብር ወደ ደብር የሚዞር፣ በመንገድ ዳር በመስፈሪያ እየተሰፈረ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ በመሆኑ፣ የታሸገውን ዋጋ ጨምሮ መግዛት ለባለቤቲቱ ከስንፍና ይቈጠርባት ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ መደብሮች ውስጥ ገብሱ ከሱፍ፣ ከሽምብራና ከኦቾሎኒ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዳቦ ቆሎውም በበርበሬ ታሽቶ በየከረጢቱ ተደርድሮ ይታያል፤ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ የሚሄደው መንገደኛም ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ከዚሁ ጥቂት ይጨምርበታል። በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ኖርሁ መጠን፣ ስለ አንድ አነስተኛ ቆሎ ቤት ማደግ በተነገረ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብና ማሽን መታሰቡ ያስደንቀኛል፤ የእድገቱ ቁም ነገር በእኔ አስተያየት ሌላ ነውና፤ ይኸውም በአንዲት ባለሙያ ጆሮና አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ፍርድ፣ እርሷ በሌለችበት ሰዓት፣ እርሷ በማታየው እሳት ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ገብሱ ከአርሲ ወይም ከሰሜን ሸዋ ደጋ ይመጣል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዘር ገለባውን ያለ ብዙ ድካም ስለሚለቅ ለመቁላት የተመቸ ሲሆን፣ ሌላው ግን ውኃ ተርከፍክፎበት፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ፣ በሰፌድ ተበጥሮና ደርቆ ነው ለእሳት የሚበቃው። በምጣድ ላይ ሲታመስ በፍሬው ውስጥ የተሸሸገው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው መንጣጣት በመጀመሪያ የተራራቀ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የተያያዘ፣ በመጨረሻም እየሳሳ የሚሄድ ነው። ከእኛ ዘንድ እሳቱን የሚመሩትን እናት አንድ ወጣት ሠራተኛ የሙቀት መለኪያውን ይዞ፣ «እትዬ፣ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ላውጣው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ዲግሪውን አንተ ጻፈው ልጄ፤ እኔ ድምፁ ሲሳሳ ነው የማወጣው» አሉት። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። በጥር የተወቃውና ክረምቱን በመጋዘን የከረመው ገብስ የያዙት እርጥበት አንድ አይደለምና፣ ቍጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጆሮውም ብቻውን ከአንድ ሰው አያልፍም። ስለዚህ ለየጆንያው መዝገብ ከፍተን፣ እትዬ «አውጣ» ባሉበት ቅጽበት መለኪያው ያሳየውን ሙቀትና የፈጀውን ጊዜ አብረን መጻፍ ጀመርን፤ ከዚህ የተነሣ ወጣቱ አዲስ ጆንያ ሲፈታ መዝገቡን አይቶ ይጀምራል፣ አዳምጦ ይጨርሳል።

ከምጣድ ወደሚሽከረከረው የብረት በርሜል መሻገር ደግሞ የመጠን ጕዳይ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብዛት የእሳትን ጠባይ ይለውጣል። እፍኝ ቆሎ በሰፌድ ላይ ሲፈስ ወዲያው ይበርዳል፤ ከበርሜል የወጣ ክምር ግን ሙቀቱን በሆዱ ይዞ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም መቈላቱን ይቀጥላል፤ ከላይ ያማረው ቆሎ ከመካከሉ ጠቁሮና መርሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መልኩ ልክ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማውጣት፣ በሰፊ ወንፊት ላይ አሳስቶ ማስጣትና ከሥሩ አየር መንፋት ግድ ይሆናል። ዓይን ገና «አልደረሰም» እያለ እጅ እንዲያወጣ ማስተማር ከበርሜሉ ግዥ ይልቅ አድካሚ ነው።

የቅልቅሉም ነገር እንደዚሁ ነው። ገብስ፣ ሱፍ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ እያንዳንዳቸው የሚሹት እሳት ስለሚለያይ ለየብቻ ይቈላሉ፤ በቤት ውስጥ ግን በአንድ ሳሕን ላይ ሲደባለቁ የሚታይ ችግር የለም። በትልቅ ማጠራቀሚያ አደባልቆ ከሥር እየቀዱ ማሸግ ሲመጣ፣ ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቍጥር ትንሿ ሱፍ በትልልቆቹ መካከል ሾልካ ወደ ታች ትወርዳለች፤ የመጀመሪያው ከረጢት ሱፍ ብቻ፣ የመጨረሻው ኦቾሎኒ ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ አለመደባለቅ ነው፤ እያንዳንዱን እህል ለየከረጢቱ መዝኖ መጨመር። ሥራው ይዘገያል፤ ገዢው ግን ከረጢቱን ሲከፍት የከፈለበትን ኦቾሎኒ ያገኛል።

ስለ ኦቾሎኒ ከተነሣ፣ የባቢሌው ጣዕሙ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ በእርጥበት የተያዘ ፍሬ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙም በመቁላት ፈጽሞ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብነት በቀረበ ኦቾሎኒ በኪሎ ከ4 ማይክሮ ግራም በላይ አይፈቅድም። የተጨማደደውንና መልኩ የተለወጠውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም የሚያክል መከላከያ አላየሁም፤ እነሆ፣ ባደግን መጠን የለቃሚዎቹ ቍጥር ከማሽኖቹ ይልቅ በዛ።

ዳቦ ቆሎ በቅቤ ቢታሽ ማማሩን ማን ይክዳል? ነገር ግን የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም በአብዛኞቹ ሳምንታት ያሉ ስለሆኑ፣ ምርቱ ዓመቱን ሙሉ ይሸጥ ዘንድ ዘይት ይገባበታል፤ የኑግ ዘይት ለመዓዛው ወደር ባይገኝለትም፣ ባሕርዩ ቶሎ እንዲከረፋ ያደርገዋል፤ ብርሃንም ያፋጥንበታል። ገዢው ግን የሚበላውን በዓይኑ ሊያይ ይሻልና ብርሃን አሳላፊ ከረጢት ይጠይቃል። እኛ ብርሃን በማያሳልፍ ከረጢት ላይ በጣት የምትሸፈን መስኮት አስቀርተናል፤ ሻጩም አልወደደውም፣ ለዘይቱም ፍጹም አይደለም፤ እስካሁን ግን የተሻለ አላገኘንም።

የገንዘቡን ነገር ባሳጥር ይሻላል፤ ገብስ በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፣ በክረምት ይወደዳል፣ መደብሩ ደግሞ ሸጦ ሲያበቃ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ያደገ ቆሎ ቤት ሀብቱ በነቀዝ ፊት በጆንያ ተቀምጦ የሚከርም ነው።

የሩቅ ገበያ ሲከፈት የመጣው ጥያቄ ግን ከንግድ መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል። በደጋ ስስ አየር ተነፍቶ የታሸገ ከረጢት ወደ ቆላ ሲወርድ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድበት ይጨማደዳል፤ ትራስ ይሆነው የነበረው አየር የተጨመቀበት ዳቦ ቆሎም በጉዞ ይሰባበራል። ወደ ቆላ ለሚጫነው አየሩን ጨመር አድርገን እናሽጋለን፣ ካርቶኑንም አንዱን ባንዱ ላይ አናበዛም፤ የድሬዳዋው ነጋዴ ግን የከረጢቱን መሸብሸብ አይቶ አሁንም «ቀንሳችሁብኛል» ማለቱን አልተወም፤ ሚዛኑን አውጥቶ ከመዘነ በኋላ ነው ደረሰኙን የሚፈርምልን።