ጋላቢውን የማይመርጥ የጋማ ከብት

«መዳን በጸጋ ብቻ ነው» የሚል ፕሮቴስታንት ጎረቤት ይኖራችሁ ይሆናል። ክርክሩ የቆየ ነው። በ1524 እ.ኤ.አ. ኤራስመስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ሰው የመምረጥ ፈቃድ አለው ብሎ ጻፈ። ማርቲን ሉተር በ1525 መለሰለት፤ የሰውን ፈቃድ ጋላቢውን በማይመርጥ የጋማ ከብት መሰለው። ወይ አምላክ ይቀመጥበታል፣ ወይ ሰይጣን።

ሉተር የሰውን ትዕቢት ለመስበር ማሰቡን አልክድም። ግን መምረጥ ለማይችል ፍጡር «አድርግ፣ አታድርግ» ማለት ምን ይፈይዳል? ትእዛዙ ድካሙን እንዲያውቅ ነው ይላል። ባልቻለው ለምን ይቀጣል ሲባል ደግሞ የአምላክ ፍትሕ ከአእምሮ በላይ ነው ብሎ ያልፋል። እኔን እዚህ ላይ አላረካኝም። (ኦርቶዶክሶች እንኳ በዚህ ከሉተር ጋር አይስማሙም።)

ሆኖም መሳቂያ አናድርገው፤ በእኛም ዘንድ ጀብሪያዎች ተመሳሳይ ነገር ብለዋል። አንድ ተማሪዬ ከሱብሒ ሶላት ቀርቶ «አላህ ቀድሮብኝ ነው» አለኝ። ለቁርሱ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሥቷል።