ወደ ሎሪያን የሚያደርሰው መንገድ

ኬልቶች የሚለው ስም ከጥንታዊ የአውሮፓ ሕዝቦች ወርዶ ዛሬ የአየርላንድ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስ፣ የብሬታኝና የመሰሎቻቸው ባህል የጋራ መጠሪያ ሲሆን፣ የእነዚህ አገሮች ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት ወር በምዕራብ ፈረንሳይ በብሬታኝ በምትገኘው የሎሪያን ወደብ ለሙዚቃ በዓል ይሰበሰባሉ። ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ወደዚህ በዓል የሚደረግ ጉዞ የሚደነቀው ግን በመድረኩ ብቻ አይደለም፤ ሙዚቃውን ለዓመታት በቤቱ ብቻውን ሲያደምጥ የኖረ ሰው ፍቅሩን የሚጋሩትን ሰዎች በአካል የሚያገኝበት በመሆኑ ጭምር ነው።

ባጋድ የሚባለው የብሬታኝ የሙዚቃ ጓድ ባግፓይፕን፣ ከበሮንና ቦምባርድ የተሰኘውን ባለ ሁለት ምላስ የእንጨት መሣሪያ አጣምሮ በጎዳና ሲያልፍ፣ የቦምባርዱ ስል ድምፅ (በቅርብ ለቆመ ሰው ጆሮ ምሕረት የለውም) መንገደኛውን ሁሉ ያስቆማል። ከዚህ ይልቅ እንግዳን ከእንግዳ የሚያዛምደው ግን ፌስት-ኖዝ፣ ማለትም «የሌሊት በዓል»፣ የተባለውና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የጭፈራ ምሽት ነው። በዚህ ምሽት ካን ሀ ዲስካን በሚባለው የአውጪና የተቀባይ ዜማ፣ ተቀባዩ አውጪው ስንኙን ሳይጨርስ የመጨረሻዎቹን ቃላት አብሮት አንሥቶ ስንኙን ስለሚደግመው በድምፁ መካከል ክፍተት አይኖርም። አን ድሮ የተባለውን ውዝዋዜ የሚጨፍሩትም ትንሿን ጣታቸውን ከጎረቤታቸው ትንሽ ጣት ጋር ቆልፈው ረጅም ሰንሰለት ስለሚሠሩ፣ ከሩቅ የመጣው እንግዳ የጎረቤቱን ስም ሳይጠይቅ፣ ቋንቋውንም ሳያውቅ፣ እርምጃውን ከእርሱ ይማራል።