ሦስት ሴንቲሜትር

ስቱዲዮዬ ውስጥ ያለው የጊታር አምፕሊፋየር ፊቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ነው። ጨርቁ ላይ ትናንሽ ነጭ ፕላስተሮች ለጥፌበታለሁ። በአንዱ ላይ «ሪትም»፣ በሌላው ላይ «ሶሎ» የሚል በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከሪትሙ እስከ ሶሎው ያለው ርቀት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ዲስቶርሽን ያለበትን ኤሌክትሪክ ጊታር ስለመቅረጽ ከማውቀው አብዛኛው ነገር እዚህች ሦስት ሴንቲሜትር ውስጥ አለ።

ይህን ያስተማረኝ ለቀረጻ የመጣ አንድ ወጣት ጊታሪስት ነው። ሲጫወት ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ደረት ይመታል፤ ቀርጸን ስናዳምጠው ግን ቀጥኖና ሻክሮ ይወጣል። «ጋሼ፣ ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ንብ መሰለ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔ ጥፋቱን የጣልኩት የማይኩን ድምፅ በሚያጎላው ፕሪአምፕ ላይ ነው። ከወዳጄ ውድ ፕሪአምፕ ተውሼ መጣሁ፤ ንቡ አለ። ሌላ ሞከርኩ፤ ንቡ አሁንም አለ። ሲመሽ ልጁ የአምፑን ድምፅ ዝቅ አደረገና ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ጠርዝ አስጠግቶ አንድ ኮርድ መታ። «እኔ የምሰማው ይሄን ነው፤ ማይኩ ግን እዚያ ነው ያለው» ብሎ ወደ መሃል ጠቆመኝ። ማይኩን ጆሮው ወደነበረበት ቦታ አመጣሁት። ንቡ ጠፋ። የተዋስኩትን ፕሪአምፕ በማግስቱ መለስኩ።

የጊታር ስፒከር መሃሉ ላይ ጉብ ያለ ቆብ አለው፤ ከቆቡ ዙሪያ እስከ ጠርዙ ድረስ ደግሞ ወረቀቱ ተዘርግቷል። ከቆቡ ፊት ለፊት የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና ስለታም ነው፤ ወደ ጠርዙ በሄዱ ቁጥር እየወፈረና እየለሰለሰ ይመጣል። ጊታሩ ንጹሕ ከሆነ ይህ ልዩነት ይቻላል። ዲስቶርሽን ግን የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ሲቆረጥ ደግሞ ከክሩ ያልወጡ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ያለው፣ ጆሯችን ከሁሉ ይልቅ ንቁ የሆነበት አካባቢ በእነሱ ይሞላል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን እየጣለ ስለሚሄድ ነው ዲስቶርሽን ለጆሮ የሚስማማው። ማይኩን በቆቡ ትይዩ ያቆመ ሰው የሚቀርጸው የድምፁን በጣም ሹል ክፍል ነው። በኋላ ሚክስ ላይ ትሬብሉን ቢቀንስም የተፈለገው ውፍረት ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመምረጤ በፊት ቦታ እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ በእጅ ባትሪ ጨርቁ ላይ አብርቼ ቆቡ የት እንዳለ አያለሁ፤ ከውጭ ሲታይ መሃል የመሰለ ቦታ ብዙ ጊዜ መሃል አይደለም። ከዚያ ጊታሪስቱ የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ ያደርጋል፤ አምፑ ግን ጌይኑ ከፍ እንዳለ ይቆያል። አምፑ ለብቻው ይነፍሳል። ሄድፎን አድርጌ ማይኩን ጨርቁ ፊት ቀስ እያልኩ አንቀሳቅሳለሁ። ቆቡ ፊት ሲደርስ ነፋሱ «ስስስ» ይላል። ወደ ወረቀቱ ሲሄድ «ሽሽሽ» ይሆናል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ከጉሮሮ እንደሚወጣ «ህህህ» ይለሰልሳል። ለሪትም የምፈልገው ብዙ ጊዜ «ስ» ወደ «ሽ» የሚሻገርበት ድንበር ላይ፣ የቆቡ ጠርዝ ከወረቀቱ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከዚያ ጊታሪስቱ ይጫወታል፤ በጣት ስፋት ወዲያና ወዲህ አድርጌ እጨርሳለሁ። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ቦታው ከታወቀ በኋላ የማይክ ምርጫ ቀላል ይሆናል። እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሹር ኤስኤም 57 ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ንግግር ሲያደርጉ ከፊታቸው የሚታየው ማይክ ነው። ከባድ ጩኸት አይበግረውም፤ ከ5,000 ኸርዝ ወዲህና ወዲያ ያለውን ጎላ አድርጎ ስለሚያሳይ ጊታሩ በድራምና በቤዝ መካከል መንገድ ያገኛል። ያው ጉልህነት ግን ቦታው ከተሳተ የንቡ መነሻ ነው። ሪበን ማይክ ጠባዩ ሌላ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሮየር አር 121 ውስጥ ያለችው የአሉሚኒየም ሪበን ውፍረቷ 2.5 ማይክሮን ብቻ ነው። ቀጫጭኑን ድምፅ ለዘብ፣ ወፍራሙን ሞላ አድርጋ ትሰጣለች። ከፊትና ከኋላ እኩል ስለምትሰማ ግን ክፍሉ መጥፎ ከሆነ መጥፎነቱንም ትቀርጻለች፤ በትናንሽ ክፍሎቻችን ከማይኩ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል የግድ ነው። ሶሎ ላይ፣ ጊታሩ እንደ ድምፃዊ ከፊት መቆም ሲኖርበት፣ ሞላ ያለ ደረት የሚሰጠውን ዜንሃይዘር ኤምዲ 421 እመርጣለሁ።

ሁለት ማይክ አንድ ላይ መጠቀም ያጓጓል፤ ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዱ ማይክ ከሌላው አምስት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ከቀረ፣ ሁለቱ በእኩል መጠን ሲደመሩ 3,430 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይጠፋፋል። የጊታሩ ጥርስ ያለው እዚያው ነው። ማይኮቹ ውድም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። እኔ የሁለቱን ማይክ ውስጠኛ ጆሮ በማስመሪያ እኩል አስተካክዬ አቆማለሁ፤ ከዚያ የአንዱን ፖላሪቲ እገለብጣለሁ። ሲገለበጥ ድምፁ ባዶ ከሆነ፣ ሳይገለበጥ ትክክል ነበር ማለት ነው። ሲገለበጥ ከወፈረ ግን የቆሙበት ቦታ እንደገና መታየት አለበት።

ፕሪአምፕን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ንቄው አይደለም፤ ሥራውን በቁጥር ስላየሁት ነው። ጮክ ያለ የጊታር አምፕ ስፒከሩ ጋ 110 ዴሲቤል ይደርሳል። ኤስኤም 57 እዚያ ቆሞ 10 ሚሊቮልት ገደማ ያወጣል። ያንን ወደ መሥሪያ መጠኑ ለማድረስ 40 ዴሲቤል ጌይን ይበቃል። በዚህ መጠን የአብዛኛው ፕሪአምፕ ሹክሹክታ ከራሱ ከአምፑ ነፋስ በታች ይቀበራል። የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጩኸቱን ሳይጨናነቅ ይቀበለዋል ወይ? ስለዚህ የመግቢያውን ድምፅ የሚቀንስ ፓድ ያለውን እመርጣለሁ። ሩፐርት ኒቭ በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣው 1073 ፕሪአምፕ ዝናውን ያገኘው በትራንስፎርመሮቹ ውፍረት ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ቀለሙ ይሰማል። ፕሪአምፕ ራሱ መሣሪያ የሚሆነው እንዲህ ሲገፋ ነው። ቢትልሶች በ1968 እ.ኤ.አ. «ሪቮሉሽን»ን ሲቀርጹ ጊታሩን በቀጥታ ኮንሶሉ ውስጥ ሰክተው ሁለት ፕሪአምፖችን አንዱን በሌላው ላይ አጨናንቀዋል፤ እዚያ ዘፈን ላይ የሚሰማው ዲስቶርሽን የፕሪአምፕ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ፕሪአምፕ መምረጥ ጊታር የመምረጥን ያህል ክብደት አለው። አምፑ ሥራውን ከጨረሰ ግን ገንዘቡን ፕሪአምፕ ላይ አያፍስስ፤ ጥሩ ስፒከር ይግዛበት።

እኛ ዘንድ ደግሞ የውጭ መጻሕፍት የማያነሱት አንድ ጉዳይ አለ፤ ቅኝት። ዲስቶርሽን አብረው የተመቱ ሁለት ኖታዎችን እርስ በርስ አጋጭቶ ሦስተኛና አራተኛ ድምፅ ይፈጥራል። ኳርት ወይም ክዊንት ሲሆኑ የሚወለደው ድምፅ ይስማማል፤ ሮክ በክዊንት የሚኖረው ለዚህ ነው። አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥ ያሉት የግማሽ ድምፅ ርቀቶች ግን አንዱ ኖታ ሳይሞት ሌላው ሲመጣ ይናከሳሉ። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም የሰማ ሰው ከባድ ጊታርና የኛ ዜማ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያውቃል። አብረው እንዲኖሩ ግን ጌይኑ መጠን ይፈልጋል። ቀረጻ ላይ ጊታሪስቱ መድረክ ላይ ከለመደው በሩብ ያህል እንዲቀንስ እለምነዋለሁ። መጀመሪያ ቅር ይለዋል። ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ ሳደርግለት ግን የቀነሰው ሁሉ ተመልሶ ሲመጣ፣ ዜማውም ሳይጎዳ ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

በቅርቡ አንድ በገና ደርዳሪ ለቀረጻ መጡ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጸጥ ያለ ፕሪአምፕና ብዙ ጌይን የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። መቅረጽ ከመጀመራችን በፊት እያንዳንዱን ክር እየነኩ ከሥሩ ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ በጥፍራቸው ገፋ፣ መለስ ያደርጉ ነበር። ያ የበገና ንዝረት ከእንዚራዋ ነው የሚመጣው፤ ትንሽ ከራቀች ክሩ ባዶ ይሆናል፣ ትንሽ ከቀረበች ይታፈናል። አሥሩንም እንዲህ አንድ በአንድ ሲያስተካክሉ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ማይኬን ይዤ ቆሜ እጃቸውን አይ ነበር። እነ ጊታር ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የሚነዝር ድምፅ መውደድን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እንዴት እንደሚገኝም የእኚህ አባት ጥፍር ያውቀዋል። «አሁን መጣ» አሉኝ በመጨረሻ። እኔም ተንበርክኬ ማይኩን በጣት ስፋት ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።