«የአፍ ካንሰር» ስንል የትኛውን አፍ ማለታችን ነው? በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች መመዘኛ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከቫይረስ ጋር ስለሚያያዘው የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ምን ያህል እንደሚያውቁ ለመመዘን በልዩ ልዩ አገሮች መጠይቆች ይዘጋጃሉ። በተደጋጋሚ የሚገኘውም ውጤት ተማሪዎቹ የትምባሆንና የአልኮልን ጉዳት ጠንቅቀው ሲያውቁ የፓፒሎማ ቫይረስን ድርሻ ግን በዚያው መጠን አለማወቃቸው ነው። የእኛ ሂስ የሚያተኩረው በተማሪዎቹ ላይ ሳይሆን ዕውቀታቸው በሚለካባቸው ቃላት ላይ ነው። በአገራችን የጥርስ ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በሽተኛው ግን የሚጠይቀውም የሚመለስለትም በአብዛኛው በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ ተማሪው ያወቀው ነገር በአማርኛ መነገር ካልቻለ ዕውቀቱ ከመማሪያ ክፍል አልወጣም ማለት ነው።

በመጀመሪያ የምንተቸው «የአፍ ካንሰር» የሚለውን ጥቅል ስያሜ ነው። ቫይረሱ በይበልጥ የሚያጠቃው ከንፈርን፣ ድድንና የምላስን ፊት ሳይሆን ከአፍ በስተኋላ ያለውን የጉሮሮ ክፍል፣ በተለይም ቶንሲልንና የምላስን ሥር ነው። በፊተኛው የአፍ ክፍል ለሚነሣው ካንሰር ዋነኞቹ መንሥኤዎች ዛሬም ትምባሆና አልኮል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የዕጢዎች አመዳደብም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን የኋለኛ ክፍል ለብቻው በምዕራፍ ለይቶታል። እንግዲህ «ቫይረሱ የአፍ ካንሰር ያመጣል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «አዎን» ቢል ትክክል ይባላል፤ ነገር ግን የት ቦታ እንደሚፈልገው ማወቁን መልሱ አይነግረንም። «የጉሮሮ ካንሰር» ብንልም አንድንም፤ ጉሮሮ በተለምዶ የአፍን መጨረሻም፣ የምግብ መውረጃውንም፣ አንዳንዴም ማንቁርትን ያጠቃልላልና።

ሁለተኛው ችግር «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ነባርና የተከበረ ቢሆንም «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል አድማጩ የሚረዳው በባክቴሪያ የሚመጣውን ተላላፊ በሽታ ነው። «የጉሮሮ ነቀርሳ» ብንል ሁለቱን በሽታዎች እናደባልቃለን። ካንሰሩ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው ቫይረሱ ነው። ስለዚህ «ካንሰር» የሚለው የውጭ ቃል በዚህ ቦታ ቢጸና እንመርጣለን።

ሦስተኛው የቫይረሱ መጠሪያ ነው። «ኤች ፒ ቪ» የሚለው አኅጽሮት ለጆሮ ከ«ኤች አይ ቪ» የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በሕክምና ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «የኪንታሮት ቫይረስ» የሚለውም ትርጉም አይረዳም፤ ኪንታሮት በቆዳ ላይ የሚወጣውንም በፊንጢጣ አካባቢ የሚያብጠውንም በአንድ ስም ይጠራልና። «የካንሰር ቫይረስ» ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከሁለት መቶ ከሚበልጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ካንሰር የሚያስከትሉት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ በእነዚህም ከተያዙት ሰዎች በአብዛኞቹ ሰውነት ቫይረሱን ራሱ ያስወግደዋል። ከጉሮሮው ካንሰር ጋር በዋናነት የሚያያዘው 16 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ነው። በእኛ አስተያየት «ፓፒሎማ ቫይረስ» ተብሎ ሳያጥር ቢነገር ይሻላል።

አራተኛው፣ በዓላማው የምናከብረው፣ በውጤቱ ግን የምንተቸው ስያሜ ነው። በኢትዮጵያ ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው «የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ» በመባል ነው። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያውያት ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ በመሆኑ ስያሜው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ስሙ ቫይረሱን ከሴትና ከማኅፀን ጋር ብቻ አስሮታል። በአሜሪካ ከዚህ ቫይረስ ጋር የተያያዘው የጉሮሮ ካንሰር በብዛት የሚታየው በወንዶች ላይ ነው፤ የዚያች አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ካንሰር መከላከልን ዘጠኝ የቫይረሱን ዓይነቶች በሚከላከለው ክትባት ጥቅሞች ውስጥ አካቷል። በስሙ የተመራ የጥርስ ሐኪም ግን «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ ማኅፀንን «በር» ከሰጠው ጉሮሮንም ሊነፍገው አይገባም። ከአፍ በስተኋላ ያለውን፣ ቶንሲልን፣ የምላስን ሥርና ለስላሳውን ላንቃ የያዘውን ክፍል «የጉሮሮ በር» ብንለው ቃሉ ከግዕዝ መዝገብ ሳይፈለግ ይገባል፤ ቦታውን ያሳያል፤ «የማኅፀን በር» ከሚለው ጋርም በአንድ ቫይረስ የሚጠቁትን ሁለት በሮች ያስታውሳል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን፦ የስያሜው መመሳሰል የምርመራ መመሳሰል እንዳይመስል። ለማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ አለ፤ ለጉሮሮ በር ግን ጤነኛ በሚመስል ሰው ላይ የሚደረግ የጸደቀ ቅድመ ምርመራ የለም። ስለዚህም ሐኪሙ የማያም የአንገት እብጠትን፣ በአንድ ወገን ጸንቶ የሚቆይ የጉሮሮ ሕመምንና የመዋጥ ችግርን ነቅቶ መጠበቅ አለበት።

መጠይቅ አዘጋጆችም «ያመጣል ወይስ አያመጣም?» ከማለት ይልቅ «የት? በማን ላይ? ለበሽተኛው በምን ቃል ትነግረዋለህ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን። የመጨረሻውን ጥያቄ በአማርኛ መመለስ ያልቻለ ተማሪ ቢወድቅ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ቃሉን በጊዜው ያላዘጋጀንለት እኛም ተጠያቂዎች ነን። «የጉሮሮ በር» በሚለው ላይ የሙያው ሰዎች የተሻለ ስያሜ ካላቸው በደስታ እንቀበላለን።