ባለታሪኳ በሌለችበት አዳራሽ

በሴፕቴምበር 2014 «ድፍረት» የተባለው ፊልም በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተጠርተው፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ ትርኢቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እግዱን የጠየቀችው ሌላ ሰው ሳትሆን በፊልሙ ታሪኳ የሚተረከው ሴት ራሷ ነበረች። የሕይወቴ ታሪክ ያለ ፈቃዴ ለትርኢት በቅቷል ነበር ክርክሯ።

ክርክሩን ሕግ ዐዋቂዎች በሕጉ መዝነውታል። ሐያሲውን የሚመለከተው ወገን ግን ከፍርድ ቤቱ በር ውጭ ይቀራል። በገጠር ስለሚኖር ሰው ፊልም ሲሠራ ባለታሪኩ በፊልሙ ውስጥ የት ይቀመጣል? የሚያይ ነው ወይስ የሚታይ? «ድፍረት»ን ከሦስት ሌሎች ፊልሞች ጋር፣ ይኸውም ከኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና «ጤዛ» እንዲሁም ከያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ጋር በአንድ ሰሞን በተከታታይ ያየ ተመልካች ይህን ጥያቄ ሊያመልጠው አይችልም።

የ«ድፍረት» ቁም ነገር ታላቅ መሆኑ አያከራክርም። ፊልሙ የተመሠረተበት ድርጊት የተፈጸመው በ1996 አርሲ ውስጥ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ስታመልጥም ተከትሎ የደረሰባትን ጠላፊ ገደለች። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ስለነበር፣ በብዙ አካባቢ ጠለፋ የጋብቻ አንዱ መንገድ ተደርጎ ይታይ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለልጅቷ ጥብቅና ቆሞ፣ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ በነፃ ተሰናብታለች።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ ሲያነሣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት በሚገባ ይዞታል። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በሜዳው ስትመጣ፣ ፈረሰኞቹ ከሩቅ ሲታዩ፣ ሜዳው ወዴትም የማይሸሹበት ገላጣ መሆኑ ያኔ ብቻ ለተመልካቹ ይገለጥለታል። ትዝታ ሐገሬ የሂሩትን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው በጥቂት ቃል ነው። ዓይኗ፣ ትከሻዋ፣ ሰው በቀረበ ቁጥር የምትኮማተረው መኮማተር ይበቃሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በደሙ ጉዳይ የሚመክሩበት ትዕይንትም ከፊልሙ ሁሉ የላቀ ነው። እዚያ ላይ ጨካኝ ሆኖ የተሳለ ሰው የለም። ሁሉም በወግ ይናገራል፤ የሟቹን አባት ሐዘን ያከብራል፤ ሥርዓቱን ይጠብቃል። የሚዘገንነውም ይኸው ነው፤ ልጅቷ በሌለችበት ስለ ልጅቷ የሚመክሩት ሰዎች ደጎች መሆናቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ፊልሙ ወደ ከተማ ይገባና ልጅቷን ለጠበቃዋ ያስረክባታል። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን የተጫወተችው በመቆጠብ ነው፤ ጉድለቱ የእርሷ አይደለም። ጉድለቱ በድርሰቱ አወቃቀር ላይ ነው። ቢሮው፣ ስልኩ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ዐቃቤ ሕጉ ተራ በተራ ሲመጡ ሂሩት ከታሪኩ መሐል ወደ ዳር ትገፋለች፤ ስለ እርሷ ይነገራል እንጂ እርሷ አትናገርም። በመንደሩ ሸንጎ የተፈጸመው ነገር በከተማው ቢሮም ይደገማል፤ ልዩነቱ የሚመክሩት ወዳጆቿ መሆናቸው ነው። ፊልሙ ይህን መመሳሰል ቢያውቅ ኖሮ ታላቅ ሥራ በሆነ ነበር። የሚያውቅ ግን አይመስልም። የሕግ አስከባሪዎቹ አሣሣልም ከሽማግሌዎቹ እጅግ ያነሰ ነው። የፖሊሱና የዐቃቤ ሕጉ ክፋት ከመጀመሪያ ቃላቸው ስለሚታወቅ ተመልካቹ የሚመዝነው ነገር አያገኝም።

አንድ ዝርዝር እዚህ ላይ ሊጤን ይገባዋል። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስሟ ትጠራለች፤ ባለታሪኳ ግን ሂሩት የሚል ስም ወጥቶላታል። ስሙ የተለወጠው ለጥንቃቄ ነው ሊባል ይችላል፤ ምክንያቱም ተገቢ ነው። ቢሆንም ውጤቱ ሲታይ፣ የተማረችው በስሟ ትታወሳለች፤ የገጠሯ ልጅ ምሳሌ ሆና ትቀራለች። ድርጊቱ አርሲ ውስጥ ተፈጽሞ ሳለ መንደርተኛው በአማርኛ እንዲናገር መደረጉም ከዚሁ የሚመደብ ነው። የልጅቷ ቋንቋ ቢሰማ ኖሮ በከተማው ውስጥ ያላት ብቸኝነት ያለ አንዳች ማብራሪያ ለተመልካቹ በደረሰው ነበር። ፊልሙ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ የሚያስተባብለው ነገር የለም፤ ለውጭ አገር ተመልካች ተብሎ የተመቻቸ ትረካ መሆኑን ግን በከፊል ያስረዳል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዚህ ረገድ ተቃራኒው ነው። ኃይሌ ገሪማ ፊልሙን በ1974፣ ዘውዱ በሚናወጥበት ወቅት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ቀረጸው፤ ለሕዝብ የበቃው በ1976 ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል ያላነሰ ርዝመት አለው፤ ርዝመቱም አለምክንያት አይደለም። የጭሰኛው ቤተሰብ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ በሬ ይጠመዳል፤ ከብት ይነዳል። ካሜራው የሥራውን ጊዜ አያሳጥርም። አንድ ትልም ከዳር እስከ ዳር ሲታረስ የሚፈጀውን ያህል ተመልካቹም እንዲቀመጥ ይገደዳል። ባለርስቱ በበኩሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከርቀት ይጮሃል። የአንዱ ድካምና የሌላው መቀመጥ በዚህ መልክ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ስለ ብዝበዛ ዲስኩር ማሰማት አያስፈልግም ነበር።

ዲስኩሩ ግን አልቀረም። መሬቱን የተነጠቀው ከበበ፣ መንደሩ እብድ የሚለው ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በራሪ ወረቀት ይናገራል። ስዕሉ ቀድሞ የተናገረውን ነገር በቃል ሲደግመው የፊልሙ ጉልበት ይላላል። ይሁን እንጂ ከበበ ባለርስቱን ደብድቦ ሲገድል ድርጊቱ ከንግግሩ የተወለደ አይመስልም፤ በእነዚያ ረጃጅም የሥራ ቀናት ውስጥ ሲጠራቀም የቆየ ነው። ከብት ጠባቂዋን ልጅ ማንም አይተረጉማትም፤ የሚመጣ ጠበቃ የላትም። የባለርስቱን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ራሷ ትወሰዳለች። የቤተሰቡ ልጅ ከባለርስቱ ላም በታች መዋጋቷን ተመልካቹ ራሱ ደምሮ ይደርስበታል።

«ጤዛ» ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2008 የወጣ የዚሁ ደራሲ ሥራ ነው። በቬኒስ ሁለት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ አግኝቷል። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አገሩን አገልግሎ፣ ዳግመኛ በስደት አንድ እግሩን አጥቶ በ1990 ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። በጀርመን የተማሪዎቹ ክርክር ላይ ፊልሙ ይደክማል። ወጣቶቹ አንዱ ለሌላው ሳይሆን ለታሪክ መዝገብ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ትረካም የዘመኑን ቅደም ተከተል ለማያውቅ ወጣት ተመልካች አድካሚ ነው።

መንደሩ ውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ፊልም ይሆናል። የእናቱ ዓይን ከምሁሩ ዓይን ይበልጣል። ልጃቸው ምን እንደደረሰበት አያውቁም፤ ጠበል ሊያስጠምቁት ይሻሉ፤ ይጠብቁታል። ለግዳጅ ውትድርና የሚፈለጉ ልጆች በዋሻ ተደብቀው ሳለ ምሁሩ ለማንም መፍትሔ ይዞ አልመጣም። መንደሩ ያገለላት አዛኑ እንኳ በእርሱ የምትድን ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ወደ ሕይወት የምትመልሰው እርሷ ናት። «ድፍረት» የተማረውን ሰው አዳኝ ሲያደርግ «ጤዛ» የተማረውን ሰው በእናቱ ደጃፍ አስቀምጦ ዝም እንዲል ያደርገዋል። ለመምህራንና በገጠር ለሚሠሩ ሁሉ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስጨንቅ ግልጽ ነው። በመጨረሻ አንበርብር ልጆች ለማስተማር ሲነሣም ከዚያ ዝምታ በኋላ በመሆኑ ተመልካቹ ያምነዋል።

ስለ «ላምብ» ጥቂት ብቻ ይባላል፤ ፊልሙ ራሱ ትሑት ነውና። በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ሕፃን ኤፍሬም ከበጉ ጋር በዘመዶቹ ቤት ይቀራል። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርድ ይወስናል። ልጁ ደግሞ ወንድ የማይነካውን ጓዳ ገብቶ ወጥ የሚሠራ፣ ሳምቡሳ ጠብሶ ለመንገዱ ገንዘብ የሚያጠራቅም ነው። ተራሮቹ አንዳንድ ጊዜ ለጎብኚ የተነሡ ፎቶግራፎች እስኪመስሉ ያማሩ ናቸው፤ ይህ ያስቀይማል። የልጁ እጅ ሽንኩርት ሲከትፍ ግን ካሜራው ዝቅ ብሎ በእርሱ ቁመት ይቆማል።

በዚያው ቤት ጽዮን የምትባል ልጃገረድ አለች። ቅድስት ስዩም የምትጫወታት ይህች ልጅ ቤተሰቡ ለባል ሲያስባት እርሷ ጋዜጣ ታነባለች፤ ስለ እርሻው መሻሻል ትከራከራለች፤ የሚሰማት የለም። አንድ ቀን ጥላቸው ትሄዳለች። ማንም አልጠለፋትም፤ ማንም ጠበቃ አልቆመላትም። ካሜራው ኤፍሬም ዘንድ ስለቀረ ከመንደሩ ስትወጣ የተከተላት የለም።